ከልጁ ግንብ ወደ አባቱ ግንብ፦ ከጎንደር ጎርጎራ በእግር

ጎንደር ያደግን ሰዎች ፋሲል ግንብን እንደ ጎረቤት ቤት ነው የምናየው። ሠርግ ሲኖር ፎቶ እንነሣበታለን። እንግዳ ሲመጣ እናስጎበኘዋለን። ከዚያ አልፎ በእግሩ የሄደ ግን ጥቂት ነው። እኔ ራሴ ጎርጎራን ለዓመታት የማውቃት ከሚኒባስ መስኮት ነበር፤ ያውም እንቅልፍ ካልወሰደኝ።

ይህ መመሪያ ለአንድ ሳምንት ዕረፍት የሚሆን ነው። አስጎብኚ የለም፣ የራስ መኪና የለም፣ ቦርሳ አዝሎ መሄድ ብቻ። ሁለት ቀን ከተማው ውስጥና ዙሪያውን፣ አንድ ቀን ኮሶዬ የሚባለው የገደል ጫፍ፣ ሦስት ቀን የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጎርጎራ፣ የመጨረሻው ቀን ጣና ዳር።

ይህን መንገድ የመረጥኩት ከልጅ ወደ አባት ስለሚወስድ ነው። ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. የቆረቆረው ፋሲል ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ሱስንዮስ ግን አንድ ቦታ ረግቶ አልተቀመጠም። ጎርጎራ ሠራ፣ ደንቀዝ ሠራ፣ አዘዞ ሠራ። በ1618 ዓ.ም. ደንቀዝ ላይ የካቶሊክን እምነት በአደባባይ ተቀበለ። አገሩ በጦርነት ታመሰ። በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን መለሰ፣ ዘውዱንም ለልጁ ለቀቀ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚለው አባባል እስከ ዛሬ በሰው አፍ አለ። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ድሮ የጦር ሠፈር ማለት ነበር፤ ንጉሡ ድንኳኑን በተከለበት ሁሉ ከተማ ነበር። እናንተ ድንጋይ ከሆነው ከተማ ተነሥታችሁ ወደዚያ ዘመን ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ።

መጀመሪያ ሰላሙን ጠይቁ

ይህን ከጫማና ከካርታ በፊት ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ያለው ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ሲለዋወጥ አይተናል። አምና የተሄደበት መንገድ ዘንድሮ ላይሄድ ይችላል። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት ቦታ ጠይቁ፦ ከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ የምታልፉበት ወረዳ፣ እና መናኸሪያ።

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው መናኸሪያውን ነው። ሾፌርና ረዳት እንጀራቸው መንገዱ ላይ ስለሆነ አይዋሹም። የጎርጎራ ሚኒባስ በሰዓቱ እየጫነ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። «ዛሬ አንወጣም» ካሉ እናንተም አትወጡም። ክርክር የለም። ከተማው ውስጥ ያሉትን ሁለት ቀናት ተጓዙና ሌላውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ግንቡ የትም አይሄድም።

ከመምሪያው ወይም ከወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልን በሉ። ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ቀበሌ ላይ የሁለት ሰዓት ጥያቄ ያሳጥራል። መታወቂያችሁን በኪሳችሁ ያዙ፤ ቦርሳ ውስጥ አይቀበር። የወታደር ልብስ የሚመስል ሱሪም ሆነ ቦርሳ ቤት ይቅር። ድሮንም እንደዚያው። ኬላና የታጠቀ ሰው ፎቶ አይነሣም።

ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ መሄድ ጥሩ ነው። አምስት ሲሆን ግን ሰው «ምን ሊሠሩ መጡ?» ማለት ይጀምራል። ጎንደር ለሚቀር አንድ ሰው የየቀኑን ማደሪያችሁን ጽፋችሁ ስጡት። ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል «እስከ ማግስቱ ማታ ካልደወልን ፈልጉን» ብላችሁ ተስማሙ።

ወሩን ምረጡ

ብዙ ሰው መስከረምን ይመክራል። ለኮሶዬ ልክ ናቸው፦ አደይ አበባ፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ አረንጓዴ ገደል። ደምቢያ ግን በመስከረም ሌላ ነገር ናት። አፈሩ ዋልካ ነው። ዝናብ የጠጣ ዋልካ ጫማ ላይ ሲጣበቅ እያንዳንዱ እግር እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ማሳው ሁሉ ሰብል ስለሆነ አቋርጦ ማለፍም ነውር ነው። በዚያ ላይ ደምቢያ በወባ የታወቀ አገር ነው፤ ወባው ደግሞ የሚበረታው ዝናብ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት ነው።

የእኔ ምርጫ ጥር ነው። ጥምቀትን (ጥር 11) እና ቃና ዘገሊላን ጎንደር አክብሩና ከጥር 13 በኋላ ተነሡ። አልጋ በጥምቀት ሰሞን ስለማይገኝ ከወር በፊት ያዙ። ከዚያ በኋላ ከተማው ይተነፍሳል። አፈሩ ደርቋል፣ አዝመራው ተሰብስቧል፣ የሽምብራ እሸት በየመንገዱ አለ። ዐቢይ ጾምም ገና ስለሆነ በየመንደሩ ወተትና እርጎ ታገኛላችሁ። ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ከ11 ሰዓት በፊት ማደሪያ መድረስን ሕግ አድርጉት።

ቦርሳው

ከ8 ኪሎ አይብለጥ፣ ውሃን ጨምሮ። እኔ መጀመሪያ ስሄድ 14 ኪሎ ተሸክሜ ነበር። ሁለት መጽሐፍ ነበረበት! ደምቢያ ውስጥ ያለችው ቆላድባ ስደርስ አንዱንም አልከፈትኩም፤ ትከሻዬ ግን ለሁለት ሳምንት አልረሳቸውም።

ጫማው ያረጀ ይሁን፤ ያረጀ ማለት ሶሉ ያለቀ ሳይሆን እግራችሁን የለመደ። አዲስ ጫማ ገዝቶ በማግስቱ መነሣት እግርን በገዛ እጅ ውሃ ማስቋጠር ነው። ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ በቂ ነው፤ ማታ ታጥቦ ጠዋት ይደርቃል። ቆዳው መቅላት ሲጀምር ወዲያው ቆማችሁ ፕላስተር ለጥፉ። «እስከዚያች ዛፍ ልድረስ» ያለ ሰው ዛፏ ጋ የሚደርሰው እያነከሰ ነው።

ስሊፒንግ ባግ አያስፈልግም። አንድ ጋቢ ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ጠዋት ካፖርት፣ ቀን መቀመጫ ይሆናል። ሴቶች ነጠላ፣ ወንዶችም ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ነገር ያዙ። ሰፊ ባርኔጣ፣ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ አጎበር፣ ሳሙና፣ እና ዱላ። ዱላው ለቁልቁለት ጉልበት ነው፣ ለውሻም መላ ነው፤ ደግሞም ገጠር ውስጥ ዱላ የያዘ ሰው እንደ ሰው ይታያል።

ለስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። በሶን የሚያህል የመንገድ ምግብ አላገኘሁም። በአንድ ኩባያ ውሃ ተበጥብጦ ጨው ጣል ሲደረግበት እስከ ምሳ ያደርሳል።

ውሃ በቀን በሰው ቢያንስ 3 ሊትር። የጉድጓድም ሆነ የምንጭ ውሃ ሳይታከም አይጠጣም። ውሃ ማከሚያ ከፋርማሲ ግዙ ወይም አፍሉት። ከፍታችን 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይንተክተክ። ሆድ ከተበላሸ ደግሞ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ ጠጡ።

ካርታ ስልካችሁ ላይ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ መልኩ አውርዱ። የመንደሮቹን ስም በቅደም ተከተል ደግሞ በወረቀት ጻፉ። ስልክ ይሞታል፣ ወረቀት አይሞትም።

ሰዓት እንዴት ይሰላል

የተራራ ተጓዦች አንድ የቆየ ስሌት አላቸው፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ 1 ሰዓት። ለእኛ ፀሐይና ቦርሳ ስላለ 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብላችሁ ያዙ። ከዚያ ለሰላምታ ጨምሩ። አልቀለድኩም። ደምቢያ ውስጥ «እንዴት አደራችሁ» ተብሎ ዝም ብሎ አይታለፍም። ከየት ናችሁ፣ ወዴት ናችሁ፣ ለምን በእግር፣ መኪና ተበላሸ ወይ፣ ሁሉም ይጠየቃል። እኔ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ለወሬ እመድባለሁ፤ አልፎ አልፎ አይበቃም።

ቀን 1፦ ግንቡ፣ መዋኛው፣ ቁስቋም

ይህ ቀን የእግር መፈተኛ ነው። ቦርሳችሁን ከነሙሉ ጭነቱ አዝላችሁ ተጓዙ። የሚቆረቁር ነገር ካለ ዛሬ ይታወቅ።

ፋሲል ግቢን በጠዋት ግቡ። 900 ሜትር የሚሆነው አጥር 12 በሮች አሉት፤ ግቢው ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሁሉም ሰው የፋሲልን ግንብ አይቶ ይወጣል። እናንተ ቅደም ተከተሉን ተከተሉ፦ ከፋሲል ወደ ልጁ ጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያ ወደ ልጅ ልጁ አድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፣ ከዚያ ወደ ዳዊት፣ በካፋና ምንትዋብ። አንድ ቤተሰብ በየትውልዱ አንድ አንድ ክፍል ሲጨምር ታያላችሁ። የኢያሱ ግንብ ጣሪያው የለም። በ1934 ዓ.ም. ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ በነበረው ውጊያ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ግቢውን አልማረውም።

ቲኬቱን አትጣሉ፤ የፋሲል መዋኛ በር ላይ ይጠየቃል። መዋኛው ከግቢው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ። አጥሩን አቅፈው የያዙትን የዛፍ ሥሮች ልብ በሉ። ሥሩ ግንቡን ይያዘው ወይስ ግንቡ ሥሩን፣ ለመለየት ያስቸግራል።

ከዚያ ወደ ቁስቋም ዳገቱን ውጡ። እቴጌ ምንትዋብ ከግቢው ጫጫታ ሸሽታ እዚህ ቤተ መንግሥትና ደብር አሠራች። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እዚህ ነበር ያረፈው። የእቴጌይቱ፣ የልጇና የልጅ ልጇ አጽም መስታወት ባለው ሣጥን ውስጥ አለ። በጎንደር ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ቦታ ይኸው ነው፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ከተማውም ከላይ ይታያል። ቁጭ በሉና ጫማችሁን አውልቃችሁ እግራችሁን መርምሩ።

ቀን 2፦ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ወለቃ

ሥላሴን ያሠራው አድያም ሰገድ ኢያሱ ነው (1674–1698 ዓ.ም. የነገሠው)። ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊት ሁሉም ያውቃል። በጥር 1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይቺ ቤተ ክርስቲያን ተርፋለች፤ ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይላሉ አባቶች።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እዚህ ላይ ልበል፤ በኋላ ለገጠሩም ይጠቅማችኋል። ጫማ ይወልቃል። ከመጋረጃው አያልፉም። ፍላሽ ክልክል ነው፣ ሥዕሉን ይጎዳል። ቅዳሴ ላይ ለመጎብኘት አትግቡ፤ በጾም ቀን ቅዳሴው ከሰዓት ስለሆነ ያን ቀን ጠዋት ይሻላል። ገጠር ቤተ ክርስቲያን ተቆልፎ ካገኛችሁ ቁልፉ ቄሰ ገበዙ ጋ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ማሳ ላይ ናቸው። ሰው ልካችሁ በትዕግሥት ጠብቁ። ሲመጡ መስቀል ተሳለሙ፣ ደብዳቤውን አሳዩ፣ ስጦታችሁን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጣሉ እንጂ በእጅ አትስጡ።

ከሰዓት ወደ ወለቃ ውጡ፣ በደባርቅ መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ሰዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄዱ። ምኩራቡና የሸክላ ሥራው አለ። የድሮው መጠሪያ ስድብነት ስላለው «ቤተ እስራኤል» በሉ። ጥቁር የሸክላ ምስል ከገዛችሁ ጎንደር አስቀምጡት፤ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ጎርጎራ በሰላም አይደርስም።

ቀን 3፦ ኮሶዬ

ጠዋት ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሚኒባስ ያዙና ኮሶዬ ውረዱ፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ መሬቱ በአንድ ጊዜ ወደ ቆላው ይወርዳል። በገደሉ ጫፍ ጫፍ ሁለት ሦስት ሰዓት ተራመዱ፣ ከጫፉ ግን ራቅ ብላችሁ። ጭላዳ ዝንጀሮ ማየት የተለመደ ነው። ምግብ አትስጧቸው።

«ታዲያ ለምን ሰሜን ተራሮች አንሄድም?» ትሉኝ ይሆናል። ሂዱ፣ ግን በሌላ ጊዜ። ፓርኩ ውስጥ ስካውት ይዞ መግባት ግዴታ ስለሆነ በራስ የሚሄዱበት ጉዞ አይደለም። ማደሪያዎቹም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ቀስ ብሎ መውጣትን ይጠይቃሉ። ለብቻው ሳምንት ይገባዋል።

ቀን 4፦ ከአዘዞ ቆላድባ

ከጎንደር አዘዞ ያለውን 12 ኪሎ ሜትር በታክሲ እለፉት። ጭስና ሲኖትራክ ለማየት ዕረፍት አይወሰድም።

አዘዞ የአባትየው አገር መጀመሪያ ናት። ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን የሠራው እዚህ ነው፣ የተቀበረውም እዚሁ። በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነው ፍርስራሹ ያለው። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው አጥንተውታል፤ መዋኛም ነበረው። በመጀመሪያው ቀን ያያችሁት የፋሲል መዋኛ ከየት እንደመጣ እዚህ ይገባችኋል። ልጁ ሃይማኖቱን ቢመልስም መዋኛውን ግን ከአባቱ ወርሷል።

ከዚህ እስከ ቆላድባ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሊነጋጋ ሲል ተነሡ። ሜዳ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ችግሩ ጥላ የለም። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ተኩል ዋርካ ፈልጋችሁ እረፉ። ዋናውን መንገድ በዓይን ርቀት ይዛችሁ የእግር መንገዱን ተከተሉ። ቢደክማችሁ ወይ አንዱ ቢታመም እጅ አውጥቶ ሚኒባስ ማስቆም ይቻላል። ለጀማሪ ይህን መንገድ የምመርጠው ለዚህ ነው።

መንገድ የመጠየቅ ዘዴ አለው። «ይህ መንገድ ቆላድባ ይወስዳል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «አዎ» ይላችኋል። እንግዳን ማሳፈር ስለማይፈልግ ነው። «የቆላድባው መንገድ የትኛው ነው?» በሉ። ያን ጊዜ በእጁ ያሳያችኋል። ከሩቁ ከተማ ይልቅ የሚቀጥለውን መንደር ስም ጠይቁ። ርቀት ስትጠይቁ ደግሞ መልሱን ተርጉሙት። «እዚችው ናት» ማለት ግማሽ ሰዓት ነው። «ቅርብ ናት» ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል። «ትንሽ ራቅ ትላለች» ካሉ ግን ተቀመጡና በሶ በጥብጡ።

ውሻ ሲመጣ አትሩጡ። ቁሙ፣ ድንጋይ እንደምታነሡ ጎንበስ በሉ፣ ወደ ቤቱ ዞራችሁ «ኧረ ውሻ ያዙ!» ብላችሁ ተጣሩ። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ክትባት ካልተገኘ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። እዚህ ላይ ጉዞው ይቋረጣል፣ ቀልድ የለም። አምቡላንስ 907 ነው።

ቀን 5 እና 6፦ ከቆላድባ በጯሂት ወደ ጎርጎራ

ቀሪው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቀን የሚጨርስ አለ። እኔ ጯሂት ላይ እንድታድሩ እመክራለሁ። ቆላድባም ጯሂትም አልጋ አለ። ከመክፈላችሁ በፊት ፍራሹን ገልብጡና በባትሪ እዩ። ትኋን ካለ «አመሰግናለሁ» ብላችሁ ሌላ ቤት ሂዱ። አጎበራችሁን ሳትዘረጉ አትተኙ።

መንገድ ላይ ቢመሽባችሁስ? እኔን መሽቶብኛል፣ በራሴ ጥፋት። አቋራጭ ነው ብዬ የወንዝ ዳር ተከትዬ ሁለት ሰዓት ተንከራተትኩ። ሲጨልም አንድ ቤት ጋ ቆሜ ከበር ሆኜ አያቴ ትነግረን የነበረውን አልኩ፦ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ።» ሽማግሌው ትንሽ ዝም አሉና «ግባ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው» አሉኝ። እግሬን አጥበው፣ ሽሮ አብልተው፣ መደብ ላይ አስተኙኝ። ጠዋት ግን ቀበሌ ድረስ ይዘውኝ ሄዱ። ትክክል ናቸው። ያሳደሩትን ሰው ማሳወቅ አለባቸው። ስለዚህ መንደር ውስጥ ካደራችሁ እናንተው ቀድማችሁ «ለሊቀ መንበሩ እንንገር» በሉ። ስትወጡ ብር ብትሰጡ ይከፋቸዋል፤ ቡና፣ ስኳር ወይም ለልጆቹ ደብተር ይዛችሁ ከሆነ ደስ ይላቸዋል።

ማሳ ላይ የሚሠራ ሰው ስታልፉ «እግዜር ያበርታችሁ» በሉ። አውድማ በመሀሉ አይታለፍም፣ ዞር ብላችሁ እለፉ። ፎቶ ከሰላምታ በኋላ፣ በፈቃድ። «እኔ ላሳያችሁ» የሚል ልጅ ይመጣል። የትምህርት ሰዓት ከሆነ መልሱት። ካልሆነ ዋጋውን መጀመሪያ ተነጋገሩና እስከሚቀጥለው መንደር ብቻ ይሂድ።

ከጯሂት ስትወጡ ነፋሱ ይለወጣል። እርጥበት ይሸታል። ጣና ከመታየቱ በፊት ይሸታል።

ቀን 7፦ ጎርጎራ

ጠዋት ደብረ ሲና ማርያም። ግድግዳው በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ ሥዕሉን ያሣለችው የፋሲል እኅት መለኮታዊት ናት ይባላል። እዚህም ቤተሰቡ ተገናኘ ማለት ነው። ካህኑን ቀስ ብለው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። እያንዳንዱን ሥዕል ያውቁታል።

የሱስንዮስ የጎርጎራ ግንብ፣ ማርያም ግንብ የሚባለው፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ነው። በጀልባ መሄድ ይሻላል። ዋጋውን ደርሶ መልስ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ «ደርሶ» ብቻ ከሆነ መልሱ ይወደዳል። ከሰዓት ነፋስ ስለሚነሣ በጠዋት ውጡ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬትም ጠይቁ። ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት የመራው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. የሞተው ጎርጎራ ነው። ግንቡ ፈርሷል፣ ቅጠል ወርሶታል። በኖራ የተያያዘው ድንጋይና የተጠረበው ጌጥ ግን የሚመሰክረው ብዙ ነው። ፍርስራሹ ላይ አትውጡ፣ ይናዳል። ድንጋይ ለማስታወሻ ማንሣትም ስርቆት ነው።

ሦስት ቀን የተጓዘ እግር ሐይቅ ሲያይ መግባት ያምረዋል። አታግቡት። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት። ከቤት በተቀዳ ውሃ ታጠቡ፣ ዓሣችሁን ብሉ፣ ከደንገል የተሠሩት ታንኳዎች ሲያልፉ እዩ።

ቀን የተረፈው ሰው ሁለት ነገር ሊጨምር ይችላል። አንዱ ጉዛራ ነው፤ በባሕር ዳር መንገድ እንፍራዝ አጠገብ ኮረብታ ላይ። ከአስፋልቱ አጭር ዳገት ናት። ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ነው ያሠራው፣ ከጎንደር ግንቦች በፊት። ሌላው ደንቀዝ ነው፣ ከጎንደር ደቡብ ምሥራቅ። ሱስንዮስ የሞተባት ደንቀዝ። ቤተ መንግሥቱም ካቴድራሉም ፍርስራሽ ሆነው ተራራ ላይ ቆመዋል። እሷን ግን ያለ አገሬው ሰው አትሞክሩ። አንድ ገበሬ የቀን ሥራውን ዋጋ ከፍላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

የመልሱ ሚኒባስ ከጎርጎራ በማለዳ ነው የሚጭነው። ሦስት ቀን የፈጀባችሁን መንገድ ምሳ ሳይደርስ ይጨርሰዋል፤ ያረፋችሁባት ዋርካ በመስኮት ታልፋለች። ጎንደር ስትወርዱ ከቡና በፊት ያ መርሐ ግብር የሰጣችሁት ሰው ጋ ደውሉ። እኔ አንድ ጊዜ ረስቼ ተኝቼ፣ እናቴ መናኸሪያውን ሁሉ ስታስፈልገኝ ውላ ነበር።